ድመታችሁ መዝለል ስታቆም ወይ ስትንገዳገድ፦ "አርጅታ ነው" ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት

ድሮ ከመሬት ተነስታ ቁምሳጥን ጫፍ ላይ ትወጣ የነበረች ድመት ዕድሜዋ ሲገፋ ሶፋ ስር ቆም ብላ ታያለች፣ እግሯን ትሰበስባለች፣ ትተወዋለች፣ ከዛ በጥፍሯ ጨርቁን ይዛ እየተጎተተች ትወጣለች። ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፣ አርጅታ ነው ተዋት። እኔ ደሞ ማስረዳት የምፈልገው እርጅና ራሱ በሽታ አለመሆኑን ነው፣ ያረጀች ድመት መዝለል ስታቆም አብዛኛውን ጊዜ የሚያማት ነገር ስላለ ነው፣ የሚያማት ነገር ደሞ ስም አለው፣ ምክንያት አለው፣ ብዙው ይታከማል፣ የማይታከመውም ቢያንስ ይቀልላታል። እርጅና ነው ብለን ከዘጋነው ግን ማንም አይፈልግላትም።

አሮጌ የምትባለው ስንት ዓመቷ ላይ ነው ለሚለው፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከ10 ዓመት በላይ የሆነችን ድመት ነው አዛውንት የሚሏት። ወደ ሰው ዕድሜ ሲቀየር 10 ዓመት የሞላት ድመት ወደ 56፣ የ15 ዓመቷ ወደ 76፣ 20 የደፈነችው ደሞ ወደ 96 ዓመት ሰው ትጠጋለች። ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዛ በላይ መኖሯ ብርቅ አይደለም፣ አሜሪካ ቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የነበረችው ክሬም ፐፍ የተባለች ድመት 38 ዓመት ከ3 ቀን ኖራ ነው በ2005 የሞተችው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስለዚህ 10 ዓመቷ ነው በቃ አብቅቶላታል የሚለው ልክ አይደለም፣ ገና ብዙ ዓመት ሊቀራት ይችላል፣ ጥያቄው እነዛን ዓመታት እያመማት ነው ወይስ ሳያማት የምትኖረው የሚለው ነው።

ወደ ጉዳዩ ስንገባ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት አለብን። አንደኛዋ መንቀሳቀስ የከበዳት ድመት ናት፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አትወድቅም፣ ግን ዝግ ትላለች፣ ከተኛችበት ስትነሳ ትደነድናለች፣ ዝላይ ትፈራለች። ሁለተኛዋ ሚዛኗን ያጣች ናት፣ እንደሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች፣ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፣ እግሯ ይጠላለፋል። የመጀመሪያው በአብዛኛው የመገጣጠሚያና የጡንቻ ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የነርቭ፣ የጆሮ፣ የአንጎል፣ አንዳንዴም የደም ጉዳይ ነው። ሌላው መጠየቅ ያለበት መቼ ጀመረ የሚለው ነው፣ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣና ትናንት ማታ ደህና የነበረች ድመት ዛሬ ጠዋት ላይ የጀመራት ነገር ፈጽሞ አንድ አይደሉም፣ የድንገቱ ሁሌም ቶሎ ሐኪም ይፈልጋል።

ቀስ እያለ ከሚመጣው ልጀምር ምክንያቱም አብዛኛው እሱ ነው። አርትራይተስ ነው ዋናው፣ ቁርጥማት የምንለው። ሁለት አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ጫፉ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ሽፋን የተሸፈነ ነው፣ መሀሉ ላይም የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ፣ አጥንቶቹ ሳይፋተጉ የሚንሸራተቱት ለዛ ነው። ካርቲሌጅ ውስጥ የደም ስር የለም፣ ስለዚህ ሲጎዳ እንደ ቆዳ ቶሎ አይድንም፣ በዓመታት ውስጥ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ሰውነት ደሞ ቦታውን ለማጠንከር ብሎ ዳር ዳሩ ላይ ትርፍ አጥንት ያበቅላል፣ በዚህ ምክንያት መገጣጠሚያው እንደበፊቱ መታጠፍና መዘርጋት አይችልም። በዛ ላይ የተቆጣው መገጣጠሚያ ነርቭን የሚያነቃቃ ፕሮቲን ይለቃል፣ እሱ ፕሮቲን ነርቮቹን ለሕመም ቶሎ የሚነቁ እያደረገ ስለሚሄድ ድሮ የማያማት ትንሽ እንቅስቃሴም ማመም ይጀምራል። ይቺን ፕሮቲን ያዟት፣ መድኃኒት ላይ ስደርስ እመለስባታለሁ።

ምን ያህል የተለመደ ነው ካላችሁ ከምታስቡት በላይ። በ2002 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተመራማሪዎች ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ የ100 ድመቶችን ራጅ መርምረው 90 በመቶው ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት ምልክት አግኝተዋል። ራጅ ላይ የታየ ሁሉ ያማል ማለት ግን አይደለም፣ ራጇ የሚያስፈራ ሆኖ ደህና የምትሄድ ድመት አለች፣ ራጇ ንጹህ ሆኖ ክርኗን ሲነኳት የምትናከስም አለች። ለዚህ ነው ሐኪሙ ራጁን ብቻ አይቶ ሳይሆን በእጁ እያጠፈ እየዘረጋ፣ እናንተ የምትነግሩትንም እየሰማ ነው መወሰን ያለበት። በብዛት የሚጠቁት ክርን፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚትና የታችኛው አከርካሪ ናቸው። ይሄን ማወቅ ይጠቅማል ምክንያቱም ድመት ወደ ላይ የምትዘለው በኋላ እግሯ ተስፈንጥራ ነው፣ ወደ ታች ስትዘል ደሞ ክብደቷን የሚቀበለው የፊት እግሯ ነው፣ ስለዚህ መውጣት አቅቷት መውረዱ የማይከብዳት ከሆነ ዳሌና ጉልበቷን፣ ወጥታ መውረድ የምትፈራ ከሆነ ክርኗን ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው "አታነክስም እኮ" ይላል። አታነክስም፣ ምክንያቱም ውሻ ወይ ሰው የሚያነክሰው አንድ እግሩ ሲያመው ነው፣ ድመት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚጎዳ የምትደገፍበት ደህና እግር የላትም። ሌላው ድመት ሕመም ትደብቃለች፣ አዳኝም ታዳኝም የሆነች ትንሽ እንስሳ ናት፣ ዱር ውስጥ ድካሟን ያሳየች የሌላ አውሬ ምግብ ትሆናለች። ስለዚህ አትጮህም፣ አትነግራችሁም፣ ዝም ብላ የማትችለውን ነገር ትተወዋለች። መስኮት ላይ መቀመጥ ትተዋለች፣ ሶፋውን በርጩማ ረግጣ በሁለት እርከን ትወጣዋለች፣ ከሰው ትሸሻለች፣ ከዛ እኛ "ፀባይዋ ተለወጠ" ወይ "ረጋ አለች" እንላለን።

ሰው ልብ የማይላቸው ምልክቶች እዚህ ጋ ናቸው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀርባዋና ጅራቷ ስር ያለው ፀጉር ተጠላልፎ ቋጠሮ ከሠራ ወይ ፎረፎር ከበዛበት ዞራ መላስ ስላቃታት ነው፣ አንገቷን ወደዛ ማዞር ያማታል። ጥፍሯ ምንጣፍ ላይ እየያዘ ስትሄድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ መቦጨር ስለተወች ጥፍሯ ወፍሮ ረዝሟል፣ አሮጌ ድመት ላይ ጥፍር ዞሮ መዳፏን ወግቶ ሥጋ ውስጥ ሲገባም ይታያል፣ ያ ደሞ በራሱ ሌላ ሕመም ነው። ከአሸዋ ሳጥኗ ውጪ መሽናት ከጀመረች ልትበቀላችሁ አይደለም፣ ጠርዙ ከፍ ስላለባት ወይ ቁጢጥ ማለት ስላመማት ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ የተደበደቡ ድመቶች አሉ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ። ድርቀትም ይመጣል ምክንያቱም ለመጸዳዳት ማጎንበስ ስለሚያማት ትይዘዋለች። ወገቧን ስትነኳት ቆዳዋ ከተንቀጠቀጠ፣ ዞራ ካየቻችሁ፣ ወይ ሁሌ ትወድ የነበረችው ልጅ ሲያቅፋት መንከስ ከጀመረች እሱም ሕመም ነው።

አንድ በጣም የሚረዳ ነገር ልንገራችሁ፣ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጿት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ድመቷ ፈርታ ጠረጴዛው ላይ ትለጠፋለች፣ አትሄድም፣ አትዘልም፣ ሐኪሙ ምንም አያይም። ቤት ውስጥ ስትዘል፣ ስትወርድ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ ሽንት ቤቷ ስትገባ ከጎንና ከኋላ ተቀርጻ ብትታይ ግን ከማንኛውም ወሬ በላይ ያስረዳል። የድሮ ቪዲዮዋ ካላችሁ ደሞ ጎን ለጎን አሳዩ፣ ከዓመት በፊት የት የት ትዘል እንደነበር ሲታይ ልዩነቱ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

አሁን ወደ መድኃኒት፣ እዚህ ጋ እባካችሁ ቆም ብላችሁ አንብቡ። የሰው ማስታገሻ ለድመት አትስጡ። ፓራሲታሞል፣ ፓናዶል በሉት በሌላ ስሙ፣ ድመትን ይገድላል። የድመት ጉበት ይሄን መድኃኒት ሰብሮ የሚያስወጣበት ኢንዛይም በበቂ የለውም፣ ስለዚህ ወደ መርዝ ተቀይሮ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፣ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ወይ ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት ባለ 500 ሚሊግራሟን አንድ ኪኒን ብትውጥ ልትሞት ትችላለች፣ ግማሹም ይመርዛታል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትና ጨጓራዋን ያጠፋሉ፣ አስፕሪንም በቤት ግምት የሚሰጥ አይደለም። ፋርማሲ ሄዶ "ለድመት ነው ትንሽ ቁረጥልኝ" ማለት ከፍቅር የሚመጣ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የገደላቸው ብዙ ናቸው። በስህተት ከሰጣችሁ ምልክት እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ወዲያው የወሰደችውን መድኃኒት ካርቶን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ለፓራሲታሞል አሴቲልሲስቴይን የሚባል ማርከሻ አለው፣ በጊዜ ከደረሰ ነው የሚያድነው።

ታዲያ ምን አለ? አለ እንጂ። ሜሎክሲካም ለድመት ተለክቶ የሚሰጥ ማስታገሻ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በትንሽ መጠን ለረጅም ጊዜ እንዲሰጥ ፈቃድ አለው፣ አሜሪካ ግን ደጋግሞ መስጠት የኩላሊት መክሸፍና ሞት እንዳስከተለ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ አለ። ሁለቱም ቦታ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሚያሳየው ነገር የድመቷ ኩላሊት ሳይመረመር፣ መጠኑ ሳይለካ፣ ክትትል ሳይኖር የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ ነው። ጋባፔንቲን ደሞ ከነርቭ ለሚመጣ ሕመም የሚሰጥ ነው፣ ኩላሊቷ ደካማ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል፣ መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ትንገዳገዳለችም፣ ያንን አይታችሁ በሽታው ባሰባት ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ለሐኪሙ ንገሩትና መጠኑን ያስተካክላል።

ቅድም ያዟት ያልኳችሁ ፕሮቲን አሁን መጣች። ፍሩኔቬትማብ የሚባል፣ ገበያ ላይ ሶሌንሲያ ተብሎ የሚሸጥ መርፌ አለ፣ እሱ ያቺን ነርቭ የምታነቃቃ ፕሮቲን ይዞ ሥራ የሚያስፈታ ነው፣ በወር አንዴ ቆዳ ስር ይወጋል፣ በቃ። አውሮፓ በ2021፣ አሜሪካ በጥር 2022 ተፈቀደ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለማንኛውም እንስሳ ከፈቀዳቸው የዚህ ዓይነት (ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚባሉ) መድኃኒቶች የመጀመሪያው እሱ ነው። እንደ ሜሎክሲካም በኩላሊት ላይ ጫና የሚያደርግ ስላልሆነና ኪኒን እምቢ ላለች ድመት የሚመች ስለሆነ እዛ የምትኖሩ ጠይቁ፣ አንዳንዶቹን አንገትና ጭንቅላታቸው ላይ ያሳክካቸዋል፣ ከሱ ሌላ ማስታወክም ሊኖር ይችላል። የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 በልኩ ከተሰጠ የመርዳት ነገር አለው፣ ግሉኮሳሚን ላይ ግን ማስረጃው ደካማ ነው፣ ብር ካጠራችሁ በእኔ ሐሳብ እሱን ትታችሁ ለኩላሊት ምርመራው ብታውሉት ይሻላል።

ወደ ሚዛን ማጣት እንለፍ። ድመት ሳትወድቅ የምትሄደው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሠራ ነው። ውስጠኛው ጆሮ ጭንቅላቷ ወዴት እንደዞረ ይናገራል፣ እግሮቿ ያሉበትን ቦታ ደሞ ነርቭ በአከርካሪ ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ያደርሳል፣ ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል እንቅስቃሴውን ይለካል። የቱ እንደተበላሸ አወዳደቋ ራሱ ይናገራል፣ ለዚህ ነው "ትወድቃለች" ብቻ ብሎ ለሐኪም መንገር የማይበቃው።

የጆሮው ከሆነ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፣ ሁሌ ወደዛው ጎን ትወድቃለች ወይ ትዞራለች፣ ዓይኗን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ይወረወራል። ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ስለዚህ አትበላም። አንዳንዴ ምክንያቱ ሳይታወቅ በሰዓታት ውስጥ ድንገት ይጀምርና ሲያዩት ስትሮክ የሚመስል ነገር አለ፣ ሰው ደንግጦ በቃ ሞተች ይላል፣ ግን ይሄኛው በአብዛኛው በ3 ቀን ውስጥ መሻል ጀምሮ በ2 እና 4 ሳምንት ይለቃታል፣ አንገቷ ትንሽ ዘንበል ብሎ ሊቀር ይችላል እሱም አይጎዳትም። እሱ ነው ለማለት ግን መጀመሪያ ሌላው መመርመር አለበት፣ በተለይ የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን። ጆሮዋን የምታክ፣ የሚሸት ነገር ያለበት፣ በዛው ጎን ያለው ዓይኗ ብሌኑ ያነሰ ወይ ነጩ ሽፋን ወጣ ያለ፣ ከንፈሯ የወረደ ከሆነ ኢንፌክሽኑ እዛው በሚያልፉት ነርቮች ላይ ደርሷል ማለት ነው፣ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይፈልጋል። የጆሮ ጠብታ በራሳችሁ አትጨምሩ፣ ታምቡሩ ከተቀደደ እንደ ጄንታማይሲን ያለ ጠብታ ውስጠኛውን ጆሮ ራሱ ያበላሸዋል። ሜትሮኒዳዞል ማለትም ፍላጂልም እንደዚሁ፣ ለተቅማጥ ብሎ ሰው ከቤት የተረፈውን ይሰጣል፣ ሲበዛባት ያንገዳግዳታል፣ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ትመለሳለች።

ዓይኗ ግራና ቀኝ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች የሚወረወር ከሆነ፣ ወይ ከመንገዳገዱ ጋር ድብታ ካለባት፣ ወይ የሚጥል በሽታ ከመጣ ችግሩ ጆሮ አይደለም አንጎል ውስጥ ነው። ይሄን ስትሰሙ ተስፋ አትቁረጡ፣ በአሮጌ ድመት አንጎል ላይ በብዛት የሚገኘው ዕጢ ሜኒንጂዮማ የሚባለው ሲሆን የሚያድገው በአንጎል ሽፋን ላይ ስለሆነ ኤምአርአይና ቀዶ ሕክምና ባለበት አገር ብዙ ጊዜ ተነቅሎ ይወጣል።

የሕብለ ሰረሰሩ ሲሆን ጭንቅላቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ችግሩ እግሯ ላይ ነው፣ የኋላ እግሮቿ ይጠላለፋሉ፣ ጥፍሯ መሬት ይፍቃል፣ መዳፏ ተገልብጦ በጀርባው ትረግጣለች። ቀላል ሙከራ አለ፣ ቆማ ሳለ ሆዷን ደገፍ አድርጋችሁ አንዱን መዳፏን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ ጤነኛ ድመት ወዲያው ትመልሰዋለች፣ ዘግይታ የምትመልስ ወይ እንደተገለበጠ የምትተወው ከሆነ መልእክቱ እየደረሰ አይደለም። የትንሹ አንጎል ደሞ እግሯን ከልክ በላይ እያነሳች ትረግጣለች፣ ምግብ ልትቀምስ ስትጠጋ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል። ከግልገልነቷ ጀምሮ እንደዛ የነበረች ከሆነ አብሯት የተወለደ ነው፣ አይብስባትም፣ በእርጅናዋ አዲስ የመጣ ከሆነ ግን መመርመር አለበት።

ከዚህ ሁሉ ውጪ እግርም ጆሮም ደህና ሆኖ ከደም የሚመጣ ድካም አለ፣ አሮጌ ድመት ላይ ደሞ እሱ ብዙ ነው። ኩላሊቷ የደከመ ድመት በሽንት ፖታሲየም ታጣለች፣ ጡንቻዋ ይልፈሰፈሳል፣ አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ቀና ማድረግ ያቅታታል፣ ፖታሲየሙ ሲተካላት ለውጡ ያስገርማል። ስኳር ያለባት ድመት በጣቶቿ መርገጥ ትታ የኋላ እግሯን ቁርጭምጭሚት መሬት ላይ አስተኝታ ትሄዳለች፣ ሰው እግሯ ተሰበረ ይላል፣ ነርቧን ስኳሩ ጎድቶት ነው፣ ስኳሩ ከተስተካከለ በወራት ውስጥ ብዙዎቹ ወይ ሙሉ በሙሉ ወይ በከፊል ይመለሳሉ። በደንብ እየበላች የምትከሳ ከሆነ ታይሮይዷ (አንገቷ ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ይታይ። የደም ግፊትም አለ፣ አዎ ድመትም ግፊት አላት፣ የላይኛው ቁጥር ደጋግሞ ሲለካ ከ160 በላይ ከሆነ ግፊት አለባት ይባላል፣ ሳይታወቅ ሲቆይ ከዓይኗ ጀርባ ያለውን ሽፋን ይልጠውና በአንድ ሌሊት ትታወራለች፣ ብሌኗ ሰፍቶ ግድግዳ እየመታች ስትሄድ የሚዛን ችግር ይመስላል ግን ማየት ነው ያቃታት። መድኃኒቱ አምሎዲፒን ነው፣ ሰውም የሚወስደው፣ መጠኑን ግን ሐኪም ነው የሚወስነው።

ምግብ ላይ ሁለት ነገር። ብዙ ቤት ድመት ስትወደድ ጉበት ነው የሚሰጣት፣ በየቀኑ ለዓመታት ጉበት ብቻ የበላች ድመት ግን ቫይታሚን ኤ ይከማችባትና የአንገቷና የፊት እግሯ መገጣጠሚያዎች ላይ አጥንት በቅሎ ያጣብቃቸዋል፣ አንገቷን ማዞር አትችልም፣ የተጣበቀው አጥንት ደሞ ተመልሶ አይላቀቅም። አልፎ አልፎ ጉበት ችግር የለውም፣ ዋና ምግብ አይሁን ነው የምለው። ሁለተኛው ጥሬ ዓሣ ነው፣ አንዳንድ ዓሦች ጥሬያቸውን ቫይታሚን ቢ 1ን የሚያጠፋ ነገር አላቸው፣ ሲደጋገም ድመቷ ትንገዳገዳለች፣ አንገቷ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ያንቀጠቅጣታል። ዓሣውን ማብሰል በቂ ነው።

ድንገት የሚመጡት ውስጥ አንዷን በልባችሁ ያዙ። ደህና የነበረች ድመት በአንድ ጊዜ እየጮኸች የኋላ እግሮቿን መጎተት ከጀመረች፣ መዳፎቿን ስትነኩ ከፊቶቹ ይልቅ ከቀዘቀዙና ከገረጡ ወይ ከጠቆሩ፣ ልቧ ውስጥ የረጋ ደም ወጥቶ ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዋና የደም ቧንቧ ዘግቶታል። ይሄ በጣም ያማል፣ ደቂቃም አይጠበቅበትም፣ ማሸት፣ ሙቅ ውሃ፣ ምናምን አይሞከርም፣ በቀጥታ ሐኪም ጋ ነው። ሌላው መርዝ ነው፣ የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ ልትበላ ትችላለች፣ ለቁንጫ ብላችሁ ማላታይን ወይ የውሻ ፐርሜትሪን ቀብታችኋት ሊሆን ይችላል፣ ካንቀጠቀጣትና ለሃጯ ከተዝረበረበ የነካትን ነገር ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ኢትዮጵያ ያለን ሰዎች ደሞ አንድ የማይዘለል ነገር አለን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል። ያልተከተበች፣ ውጪ የምትውል ድመት ድንገት ከተንገዳገደች፣ ፀባይዋ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃታት አጥንት ገብቶባት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ፣ ልጆችን አርቁ፣ ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። የነከሰችው ወይ የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አዲስ አበባና አካባቢዋ ላላችሁ ከግል ክሊኒኮች ሌላ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

ቤት ውስጥ ብር ሳይወጣ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ፣ እኔ እንደውም ከመድኃኒቱ እኩል አየዋለሁ። ሴራሚክ ወለል ለታመመ መገጣጠሚያ ጠላት ነው፣ ከመኝታዋ ወደ ምግቧና ወደ አሸዋዋ የምትሄድበት ላይ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፉ። የምትወደው ሶፋ ወይ መስኮት ጋ ጠንካራ ካርቶን ወይ በርጩማ እንደ ደረጃ አስቀምጡ፣ እንዳይንሸራተት ጨርቅ ጠቅልሉበት። የአሸዋ ሳጥኗ አንድ ጎኑ ከ5 ሳንቲሜትር ብዙም የማይበልጥ ይሁን፣ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ አንድ ጎኑን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ ጠርዙን በፕላስተር መሸፈን ይበቃል፣ ፎቅ ቤት ከሆነ በየፎቁ አንድ። ምግብና ውሃዋን ጎንበስ እንዳትል ትንሽ ከፍ አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብርዱ ያደርቃታል፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ጠርሙስ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቧ ይቀመጥ፣ በቀጥታ አይንካት። ማታ ትንሽ መብራት ተዉላት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደሞ በረንዳውን በመረብ ዝጉ፣ ወጣት ሳለች ብረቱ ላይ እየሄደች የምታስቀናችሁ ድመት አሁን እግሯ ይከዳታል፣ ሚዛኗን ላጣችው ደሞ ደረጃና በረንዳ ፈጽሞ ክልክል ይሁን። ያዞራትን ድመት ስታነሱ በሁለት እጅ ሰውነቷን በሙሉ ደግፋችሁ ቀስ አድርጉ፣ ምግቡን አፏ ድረስ አቅርቡላት፣ አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ለሐኪም ንገሩ ምክንያቱም ድመት፣ በተለይ ወፍራሟ፣ ለቀናት ሳትበላ ስትቀር ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሌላ ከባድ በሽታ ይሆናል።

በዚሁ ምክንያት ወፍራም ድመት መቀነስ አለባት ሲባል ማስራብ ማለት አይደለም፣ በሳምንት ከክብደቷ 1 በመቶ አካባቢ፣ ቢበዛ 2፣ ማለትም 6 ኪሎ ድመት ከ60 እስከ 120 ግራም ብትቀንስ ይበቃል፣ ለጉልበቷ ግን ትልቅ እረፍት ነው። የከሳችውን ደሞ ጡንቻዋ እየሟሸሸ ስለሆነ ሥጋ ነክ ምግብ አትከልክሏት፣ ኩላሊቷ ሳይመረመር በራሳችሁ ፕሮቲን አትቀንሱ። ጥፍሯን በየ2 እና 3 ሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ቁረጡላት፣ ውስጡ ያለውን ሮዝ ቦታ ሳትነኩ። ከ10 ዓመት በላይ የሆነች ድመት በ6 ወር አንዴ ብትመረመር፣ ደም፣ ሽንት፣ የደም ግፊት፣ ክብደት፣ ከላይ ከዘረዘርኩት አብዛኛው ሳይብስ ይያዛል።

መጨረሻ ላይ ሰው የሚጠይቀው መቼ ነው በቃ የሚባለው ነው። ሕመሟ በመድኃኒት መቆጣጠር ከቻለ፣ ከበላች፣ ከጠጣች፣ ሽንት ቤቷ በራሷ ወይ በትንሽ እርዳታ ከደረሰች፣ ሲደባብሷት ኩርር ካለች መንገዳገዷ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፣ አንገታቸው ዘንበል ብሎ፣ የኋላ እግራቸው እየተወላገደ ደስ ብሏቸው ለዓመታት የኖሩ አሉ። ካሌንደር ላይ ደህና የዋለችበትን ቀንና ያመማትን ቀን ምልክት አድርጉ፣ የሕመሙ ቀን ከደህናው እየበለጠ ሲሄድ፣ መብላት ስትተው፣ ራሷ ላይ ስትሸና፣ ሕመሙ በመድኃኒትም አልያዝ ሲል ከሐኪሙ ጋር ስለ ማሳረፍ፣ ማለትም በመርፌ ሳያማት እንድትሞት ስለ ማድረግ፣ መነጋገር ጭካኔ አይደለም። በደንብ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ ተሰጥቷት ከተኛች በኋላ ነው የማደንዘዣው ትልቁ መጠን የሚሰጣት፣ ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት መጀመሪያ ታስተኛታለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አጠገቧ መሆን ከፈለጋችሁም ቀድማችሁ ንገሩት።